ባልቴቷ አትነካም

ዶክተሯ አልጋዋን በገዛ ፈቃዷ መልቀቋን የሰማችው ጥርሷን ስትቦርሽ ነው። መታጠቢያ ቤቱንና ሳሎኑን የሚለየው ግድግዳ፣ ግድግዳ ከሚባል መጋረጃ ቢባል ይቀለዋል። አፏ በአረፋ ተሞልቶ ሳለ የወንድሟ ሚስት ትናንት ከሌላ ከተማ ለመጡት ትልቁ አጎታቸው እንዲህ ስትል ሰማቻት፦ «ኧረ ምን ማስቸገር አለው ጋሼ! እሷው ናት እኮ ያለችው። ‹ለአጎቴ ክፍሌን ለቅቄ እኔ ሶፋው ላይ እተኛለሁ፤ ጉልበታቸው እስኪሻላቸው የፈለጉትን ያህል ይቀመጡ› አለችን። አላለችም እንዴ?» የመጨረሻዋ ጥያቄ ለባሏ ናት። ባልየው፣ የዶክተሯ ታላቅ ወንድም፣ አዎም አላለ አይደለምም አላለ። ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ሲዞር ብቻ ተሰማ። ስኳሩ ሟሙቶ ካለቀ በኋላም ማንኪያው መዞሩን አልተወም።

ዶክተሯ እንዲህ ያለ ነገር ከአፏ አልወጣም። እንዲያውም ትናንት ከእራት በኋላ የተባለው «ለዛሬ ጋሼ ሶፋው ላይ ይደሩ፣ ነገ እንመካከራለን» ነበር። ምክክሩ ያለ እሷ ተጀምሮ ያለ እሷ አልቋል። የወንድሟ ሚስት ክፉ ሰው አይደለችም። ቀኑን ሙሉ መድኃኒት ቤት ቆማ ስትሸጥ ውላ እግሯ አብጦ ትገባለች፤ ቤት ውስጥ ያለውን ቦታ የምታከፋፍለው ደግሞ በቀላል ሒሳብ ነው፦ ባል ያለው ሰው ክፍል ያስፈልገዋል፣ ልጅ ያለው ያስፈልገዋል፣ እንግዳ ያስፈልገዋል፤ ባልም ልጅም የሌላት ግን ቦታ የተረፋት ሰው ናት። ወንድምየው ይህን ሒሳብ ያምንበታል ማለት አይቻልም፤ ያልተናገረውን ሰው ምን አመነ ይሉታል?

ዶክተሯ ተጉመጠመጠች፣ ፊቷን ታጠበች፣ መስታወቱ ፊት ቆማ ሦስት ዓይነት ንግግር አዘጋጀች። አንዱ ጨዋ ነበር፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ ከቤት የሚያስወጣ። መካከለኛውን መርጣ በሩን ስትከፍት አጎቷ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ባመማቸው ጉልበት እየተንገዳገዱ ተነሥተው ግንባሯን ሳሟት። «ተባረኪ ልጄ! ዘመድ ማለት እንደ አንቺ ነው። በዚህ ዘመን ሰው አልጋውን ሲለቅ የት ይታያል? ሥልጣን የሚለቅ የለ፣ መንገድ የሚለቅ የለ!» የተመረቀ ሰው ምን ይላል? ምርቃት ሰውን ግድግዳ ላይ ያስጠጋል። «አሜን አጎቴ፣ ምን አለበት» አለችና ወንድሟን አየችው። ወንድሟ ሻዩን አየ።

«ሐኪም ቤትም እሷው ትወስድዎታለች» አለች ሚስትየዋ ዳቦ እየቆረሰች። «ሥራዋ ከሕክምናው ጋር አንድ ግቢ ነው። ደግሞስ ዶክተር አይደለች?»

ከቀን ሁሉ ዛሬ! ዛሬ ከምሳ በኋላ ኮሚቴ ይመጣል። የኮሚቴው ሥራ ዶክተሯ ያለችበትን ቤተ ሙከራ አይቶ፣ እዚያ ያለው ማሽን እዚያው ይቆይ ወይስ ለምግብ ጥናት ክፍል ይሰጥ የሚለውን መወሰን ነው። ማሽኑ ከሄደ የእሷ ምርምር ይዘጋል፤ ምርምሩ ሲዘጋ የሥራ ውሏም አብሮ ይዘጋል። ይህን ለቤተሰቡ ባለፈው ሳምንት እራት ላይ ነግራቸው ነበር። ወንድሟ «አይዞሽ» ብሎ ጨው እንድታቀብለው ጠየቃት።

ታክሲ ውስጥ አጎቷ ጉልበታቸውን ምክንያት አድርገው ከሹፌሩ ጎን ተቀመጡ፤ ከዚያም ወደ ኋላ ዞረው ለተሳፋሪው ሁሉ የእህታቸው ልጅ ዶክተር መሆኗን አበሠሩ። ሽንኩርት ስለ መወደዱ ሲያወሩ የነበሩ ሁለት ሴቶች ወዲያው ወሬያቸውን አቋረጡ። አንደኛዋ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷ ላይ ያለ ነገር አሳየቻት። ዶክተሯ እንደ ሁልጊዜው የሕክምና ዶክተር አለመሆኗን፣ የእሷ ትምህርት በዓይን ስለማይታዩ ጥቃቅን ነገሮች መሆኑን አስረዳች። «ስለ ትል?» አለ ከኋላ አንድ ሰውዬ። «ስለ ትል አይደለም፣ ስለ ቅንጣቶች።» ክንዷን ያሳየችው ሴት እጅጌዋን ቀስ ብላ መለሰችና «ታዲያ እስከ ዛሬ አንድ ሰው እንኳ አላዳንሽም?» አለቻት፤ በእውነት አዝና ነበር የጠየቀቻት። አጎቷ እስከሚወርዱ ድረስ ወደ ኋላ አልዞሩም።

ሐኪም ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ዘበኛው ካርድ የሚወጣው ከረፋዱ በኋላ መሆኑን ነገራቸው። አጎቷን መንገድ ላይ ጥላቸው አትሄድ፤ ይዛቸው ወደ ቤተ ሙከራ ወጣች። ክፍሉ ፎቅ ላይ፣ ከሒሳብ ክፍል በላይ ነው። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ በሩ በጎማ የሚታሰር ማቀዝቀዣ፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ ወደ መኪና ማቆሚያው የሚያይ ሰፊ መስኮት አለው። ጥግ ላይ ደግሞ ባልቴቷ አለች። ባልቴቷ ያሏት ሴንትሪፊውጁን ነው፤ ክዳኗን ዘግታ ቱቦዎችን በሆዷ ይዛ የምትሽከረከረዋን ማሽን። ስትነሣ ታቃስታለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ከተነሣች በኋላ ግን ያለማቋረጥ ታዜማለች። ንብረቱን የሚይዙት ሴትዮ ለገባው ሰው ሁሉ ከሰላምታ በፊት «አይነካም!» ስለሚሉ ስማቸው እትዬ አይነካም ሆኖ ቀርቷል። አጎቷንም እንዲሁ ተቀበሏቸው።

«አይነካም!»

«እኔ ነኪ እመስላለሁ?» አሉ አጎቷ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲኒማ ቤት በር ላይ ቆመው ቲኬት ሲቆርጡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። «የእኔም ሥራ አይገባም ማለት ነበር።» ሁለቱ አዛውንቶች የሙያ ጓደኛ እንዳገኘ ሰው ተያዩ፤ እትዬ አይነካምም የራሳቸውን ወንበር አምጥተው ሰጧቸው። ይህ በዚያ ክፍል ታይቶ አይታወቅም።

ዶክተሯ አራት ቱቦዎች አወጣች። ቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ወተት ይመስላል። አጎቷ ወተት ነው ወይ ብለው ጠየቁ። «ውሃ ነው አጎቴ። ውሃው ውስጥ ጥቃቅን ኳሶች አሉ፤ ሁሉም እኩል እኩል ናቸው። ከእነሱ ጎን አንዲት የፀጉር ዘለላ ብትቆም ግንድ ናት።» ሰው ሲሰማት ስለማይውል፣ ከጀመረች በኋላ ማቆም አቃታት። ኳሶቹ ተዘበራርቀው ከተከመሩ እንደ ኖራ ነጭ ከመሆን አያልፉም። ብርቱካን ሻጭ ብርቱካኑን እንደሚደረድረው ረድፍ በረድፍ ከተደረደሩ ግን ቀለም የሚባል ጠብታ ሳይነካቸው ቀለም ያወጣሉ፤ ብርሃኑ ራሱ በረድፎቹ መካከል ገብቶ ቀለም ሆኖ ይመለሳል፣ የሳሙና አረፋ ላይ እንደሚታየው። ማቅለሚያ ስላልሆነ ፀሐይ አያደበዝዘውም።

«ማን ነው የሚደረድራቸው?» አሉ አጎቷ።

«ራሳቸው ናቸው። ባልቴቷ ስታዞራቸው ወደ ቱቦው ታች ይወርዳሉ። ቀስ ብላ ካወረደቻቸው እያንዳንዷ ቦታዋን ፈልጋ ታገኛለች። በኃይል ካወረደቻቸው ሁሉም በአንዴ ይደርስና የወደቀ በወደቀበት ይቀራል።» ከዚያ ሁለቱን ቱቦዎች ለይታ አሳየቻቸው። «እነዚህ ውስጥ ለማወዳደሪያ ብዬ ጨው ጨምሬአለሁ። ጨው ካለ ገና በመንገድ ላይ ሳሉ እርስ በርስ ስለሚጣበቁ ነጭ ነው የሚሆኑት። እነዚህ ሁለቱ ግን ጨው የላቸውም፤ አንዷ ሌላዋን ገፋ እያደረገች ርቀቷን ጠብቃ ትወርዳለች። ቀለም ከወጣ ከእነዚህ ነው።»

«አንዷ ሌላዋን እየገፋች ነው የምትሰለፈው?» አጎቷ ጢማቸውን አሻሹ። «የእኛ ደንበኛማ ሲገፋፋ የሚሰብረው በሩን ነበር።»

እስከ ዛሬ ያገኘችው ነጭ ብቻ ነው። መጀመሪያ ጨዋማ ውሃ ሆኖባት ነጭ፤ ውሃውን ስታጠራ ፍጥነቱ በዝቶ ነጭ፤ ፍጥነቱን ስትቀንስ ማሽኗ በመጨረሻ ፍሬን ስትይዝ ተናውጦ ነጭ። ባለፈው ሳምንት ሁሉንም ነገር ያገኘችው መሰላት፦ እየዳኸች ትጀምር፣ ፍጥነቷን በጥቂት በጥቂቱ ትጨምር፣ ሲያበቃ ደግሞ ፍሬን ሳትይዝ እንደ ደከመ ሰው ራሷ ቀስ ብላ ትቁም። የሚያስፈልገው ረጅም ሰዓት ነው። ቱቦዎቹን በሚዛን ትይዩ አድርጋ አስቀመጠች፣ ክዳኑን ዘጋች፣ ባልቴቷ አቃስታ ተነሣች።

ፕሮፌሰሩ የገቡት ያኔ ነው። የክፍሉ ኃላፊ ናቸው፤ ተማሪዎች «ማለትም» ይሏቸዋል፣ ያለዚህ ቃል ዐረፍተ ነገር ስለማይጀምሩ። ዛሬ ቤታቸው ውሃ ጠፍቶ ይሁን ኮሚቴው አስጨንቋቸው፣ ጢማቸው አልተላጨም፣ የለበሱትም የክርኑ ሱፍ የሳሳ ጃኬት ነው። «ማለትም፣ እስካሁን አላለቀም?» አሉ የባልቴቷን ሰሌዳ ጎንበስ ብለው እያዩ። «ማለትም፣ በዚህ ፍጥነት እኮ ወፍጮ ቤትም ይስቅብናል! ኮሚቴው ሲመጣ የሚታይ ነገር ያስፈልጋል። ጨምሪበት፤ ማለትም ሙሉ በሙሉ።»

«እሺ ፕሮፌሰር» አለች ዶክተሯ።

እሺ ብዙ ዓይነት ናት። አደርጋለሁ የምትል እሺ አለች፣ ሰምቻለሁ የምትል አለች፣ ደግሞ ይሂዱልኝ የምትል አለች። ፕሮፌሰሩ የመጀመሪያዋን ሰምተው ሄዱ፤ ዶክተሯ የተናገረችው የመጨረሻዋን ነው። ቁልፉን አልነካችውም። ግን ተመልሰው መጥተው ራሳቸው ቢጨምሩባትስ? እትዬ አይነካም ለኮሚቴው ወንበርና የታሸገ ውሃ ሊለምኑ ወደ ታች ወርደዋል፤ በዚህ ላይ የካርድ ሰዓት ደርሷል። አጎቷ በዚያ ጉልበት ሰልፍ ሊቆሙ አይችሉም። ሳትቆምላቸው ብትቀር ደግሞ ማታ ቤት ምን እንደሚባል ከአሁኑ ይሰማታል።

«አጎቴ፣ እኔ ሄጄ ሰልፉን ልያዝልዎት፤ እርስዎ ባልቴቷን ይጠብቁልኝ። ማንም እንዳይነካት።»

«ማንም?»

«ማንም።»

«ዘመድ ቢሆንስ?»

«ዘመድማ በተለይ» አለች ዶክተሯ፤ ከአፏ ከወጣ በኋላ ደነገጠች። አጎቷ ግን ሳቁና ወንበራቸውን አንሥተው ባልቴቷ ፊት አስቀመጡት።

የካርድ መስኮቱ ፊት ያለው ሰልፍ፣ ሰልፍ መሆኑን የሚያውቀው ፊት የቆመው ሰው ብቻ ነው። ከኋላ ያለው ክምር ነው። መስኮቱ እንደተከፈተ ሁሉም በአንዴ ወደ ፊት ሄደ፣ ከዚያ ማንም ወዴትም መሄድ አልቻለም። አንዲት ነፍሰ ጡር ከዶክተሯ ፊት፣ አንድ ክንዱ የታሠረ ሰውዬ ከጎኗ፣ ከኋላዋ ደግሞ ስልክ ላይ ስለ መኪና ጎማ ዋጋ የሚከራከር ሰው ነበሩ። ዶክተሯ ዓይኗን ጨፍና ባልቴቷን ታስብ ነበር፦ አሁን እየዳኸች ነው፣ አሁን ትንሽ ጨምራለች፣ አሁን ኳሶቹ ግማሽ መንገድ ወርደዋል። ሌላ የምታስበው ነገርም ነበር። የተናገረችውን ሁሉ ቆጠረች፦ «ምን አለበት» ለአጎቷ፣ «እሺ» ለፕሮፌሰሩ፤ ለወንድሟ ምንም። በጠዋት የተዘጋጁት ሦስት ንግግሮች ሆዷ ውስጥ እንዳሉ ናቸው። ባለጎማው ሰው በትከሻዋ በኩል እጁን አሾልኮ መታወቂያውን ወደ መስኮቱ ሲያቀብል፣ ዶክተሯ እጁን ይዛ መለሰችለት። «ከኋላዬ ነህ» አለችው። የራሷ ድምፅ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ ወሰደባት። ሰውየውም ገርሞት ስልኩን ዘጋ።

ካርዱን ይዛ፣ ምሳ ሳትበላ፣ ደረጃውን እየሮጠች ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ሰው ቆሞ አየች። ፕሮፌሰሩ የቤተ ሙከራው በር ላይ ናቸው። ከኋላቸው ሦስቱ የኮሚቴ አባላት ቆመዋል፦ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ረጅም ሴትዮ ሰብሳቢያቸው ናቸው፤ ሌሎቹ ሁለቱ ጎልማሶች ሲሆኑ አንዱ የምግብ ጥናት ክፍል ኃላፊ ነው፣ ማሽኑን ሊወስድ መለኪያ ሜትር ሳይቀር ይዟል። እትዬ አይነካም በሁለት እጃቸው ወንበር እንደያዙ መሄጃ አጥተዋል። በሩ ገርበብ ብሏል፤ በክፍተቱ መካከል የአጎቷ ከዘራ አግድም ተጋድሟል።

«ማለትም እኮ እኔ የክፍሉ ኃላፊ ነኝ!» ይላሉ ፕሮፌሰሩ። ፊታቸው ቀልቷል።

«የሲኒማ ቤቱ ባለቤትም እንደዚያው ይል ነበር» ይላሉ አጎቷ ከውስጥ፣ በጨዋ ድምፅ። «አንተ ልጅ፣ ቅድም ከኮሚቴው በፊት ብቻህን መጥተህ እጅህን ወደ ቁልፉ ስትልክ በዓይኔ አይቼሃለሁ። ትንሽ ፈጠን ላድርጋት አላልክም?»

«ማለትም—»

«ማለትም አይነካም።»

እትዬ አይነካም ይህን ሲሰሙ ወንበሩን መሬት አስቀመጡና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ሰብሳቢዋ ሴትዮ ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ፕሮፌሰሩ ዶክተሯን ሲያዩ ከሰማይ የወረደች መሰላቸው። «ዶክተር! ማለትም፣ ይህ ሰው ማን ነው? ማሽኑን አስቁሚና ቱቦዎቹን አሳዪአቸው። አሁኑኑ!»

«አንቺ ይለፉ ካልሽኝ አሳልፋቸዋለሁ» አሉ አጎቷ። «ካላልሽኝ ግን ጉልበቴ ነው እንጂ እጄ ደህና ነው።»

ሁሉም ዞረው አዩዋት። ዶክተሯ ባልቴቷን ሰማቻት። ዜማዋ ገና አልወረደም፤ መንገዷን አልጨረሰችም። አሁን ፍሬን ከተያዘ እንደገና ኖራ ነው። ሳትጠብቀው ድምፅዋ ቀጥ ብሎ ወጣ፦ «አይቆምም ፕሮፌሰር። ጠዋት እሺ ያልኩዎት እንዲሄዱልኝ ነው። ፍጥነቱን አልጨመርኩም። አሁን ብናቆመው ሁላችንም የምናየው ነጭ ነገር ነው፤ ነጭ ነገር ደግሞ ከዚህ በፊት አይተናል። እንግዶቹ ፈቃዳቸው ከሆነ ገብተው ይቀመጡ፤ ራሷ ስትቆም እንከፍታለን።»

ፕሮፌሰሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ «ማለትም» አልመጣላቸውም። ሰብሳቢዋ ግን መነጽራቸውን አደረጉና «እኔ እግሬን አሞኛል፣ መቀመጫ ካለ እገባለሁ» አሉ። ከዘራው ተነሣ።

እንዲህ ሆኖ ኮሚቴው ባልቴቷን ከቦ ተቀመጠ። የምግብ ጥናቱ ኃላፊ ሰዓቱን ያያል። ፕሮፌሰሩ መስኮቱን ያያሉ። መጠበቁ ሲረዝም አጎቷ፣ ጉልበታቸውን እያሹ፣ አንድ ጊዜ የፊልሙ መጨረሻ ያለበት ጥቅልል መንገድ ላይ ቀርቶ ሕዝቡ ሲጮህ እሳቸው መድረክ ላይ ወጥተው መጨረሻውን በቃላቸው እንዴት እንደተረኩለት ነገሯቸው። «ልጅቷ ለማን ሆነች?» አሉ ሰብሳቢዋ። «እኔ እኮ ፊልሙን አላየሁትም፤ እኔ ሁልጊዜ በር ላይ ነኝ። ፖስተሩ ላይ ሁለቱም ወንዶች ደግ ስለመሰሉኝ ማንንም አላገባችም ብዬ ለቀቅኋቸው። ገንዘቡን የጠየቀ አንድ ሰው የለም!» ሰብሳቢዋ እስኪያነቡ ሳቁ፤ ባለ ሜትሩ ኃላፊ ሳይቀር ሳቀ። በመካከሉ የባልቴቷ ዜማ እየወፈረ፣ እየሳሳ፣ እያቃሰተ ወረደና ጠፋ።

ዶክተሯ ክዳኑን ከፈተች። የመጀመሪያውን ቱቦ አወጣች፤ ነጭ። ሁለተኛው፤ ነጭ። ፕሮፌሰሩ ተነፈሱ። «እነዚህማ ጨው ያላቸው ናቸው» አሉ አጎቷ ለጎረቤታቸው፣ ፊልሙን አስቀድሞ እንዳየ ሰው። «ነጭ እንደሚሆኑ ጠዋት ነግራኛለች። ቀለሙ ከቀሩት ነው።» ሦስተኛውን አወጣች። ነጭ መሰላት። ቱቦውን ወደ ዓይኗ አቅርባ አየችው። ኑሮዋ፣ ውሏ፣ ሶፋው፣ ሁሉም በአንዴ መጡባት።

«ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርጊው እስቲ» አሉ ሰብሳቢዋ።

ወደ መስኮቱ ሄደች። ፀሐይዋ በቱቦው ታች ላይ አረፈች። እዚያ፣ ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ፣ ቀይ ነገር ነደደ። ቱቦውን ዘንበል ስታደርገው ቀዩ ወደ ቢጫ ሸሸ፤ ሌላ ጊዜ ዘንበል ሲል አረንጓዴ ሆነ፣ እንደ ጢንዚዛ ጀርባ ያለ ጥርት ያለ አረንጓዴ። ከላዩ ገና ያልጠራ ደመና ቀርቷል፤ ጠርዙም ተዘበራርቋል፤ መካከሉ ግን ረድፍ በረድፍ ተሰልፏል። ሦስተኛውን ከእጇ ስላላስቀመጠች አራተኛውን እትዬ አይነካም አወጡላት፤ ይህም ቀይ ነደደ። ከዚያ አጎቷ ተነሥተው ብቻቸውን አጨበጨቡ፣ ሲኒማ ቤት እንደሚጨበጨበው፣ ረጅም ጊዜ።

ሰብሳቢዋ ብዙ ጥያቄ ጠየቋት፤ ለምን ይህ ሆነ፣ ለምን ያ አልሆነም፣ ነገ ብትደግሚው ይወጣል ወይ? «ጨው ባልጨምር፣ ባልቸኩል፣ ፍሬን ባልይዝ ይወጣል። ብቸኩል ደግሞ እንዳይወጣ ማድረግ እችላለሁ» አለች። መልሱን ወደዱት። ባለ ሜትሩ ኃላፊ ሜትሩን ኪሱ ከተተ። ፕሮፌሰሩም ሲወጡ በኮሪደሩ ላይ ለሰብሳቢዋ «ማለትም እኔ ከጠዋት ጀምሮ ስል የነበረው ይሄንኑ ነው፤ ማለትም ቀስ ይበል» ሲሉ ተሰሙ። ዶክተሯ እንኳን ልትቆጣ፣ ደስ አላት። የወረደ ነገር ሁሉ ቦታውን ያግኝ።

የአጎቷ ተራ ግን አልፎ ነበር። ሐኪሙ ወጥቷል፣ ነገ ይምጡ ተባሉ። ወደ ቤት ሲመለሱ ታክሲው ውስጥ ጎን ለጎን ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። «ነገም ካልሆነ ከነገ ወዲያ» አሉ አጎቷ ደስ ብሏቸው፤ «ያንቺ አልጋ እንደሆነ ሞቅ ያለ ነው መሰለኝ።»

ዶክተሯ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን አየች። ከዚያ ዞረች። «አጎቴ፣ አይቆጡኝ። አልጋዬን ልልቀቅ ያልኩት እኔ አይደለሁም። ማንም አልጠየቀኝም። ጠዋት ሲነገርዎት ከግድግዳው ማዶ አፌ አረፋ ይዞ ነበር። እርስዎ ሲመርቁኝ ምን ልበል?»

የአጎቷ ጆሮ ቀላ። ረዳቱ ሒሳብ ሲጠይቅ ለሁለቱም ከፈሉና የተረፈውን ሳይቆጥሩ ኪሳቸው ከተቱት። ሰፈር እስኪደርሱ አልተናገሩም። ዶክተሯ፣ ምነው ዝም ባልኩ፣ አንድ ሽማግሌ በማይሆን ቀን አሳዘንኩ ስትል ቆየች። ሲወርዱ ክንዷን ይዘው ወረዱ።

ቤት ሲገቡ እራት ቀርቧል። አጎቷ አልተቀመጡም። ሻንጣቸውን ከዶክተሯ ክፍል በር ላይ አነሡና እየጎተቱ ወደ ባልና ሚስቱ መኝታ ቤት ገቡ። አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ። የወንድሟ ሚስት ማንኪያዋን ይዛ ተከትላቸው ሮጠች።

«ጋሼ፣ ተሳስተዋል፤ ይሄ እኮ የኛ ክፍል ነው!»

«አልተሳሳትኩም ልጄ» አሉ አጎቷ፣ ጫማቸውን እያወለቁ፤ ድምፃቸው ቁጣ የለውም። «ሲኒማ ቤት አንድ ደንብ ነበረን። አንድ ሰው የሌላውን ወንበር ለእንግዳ ከሸጠ፣ እንግዳውን አናስነሣም፣ ባለ ወንበሩንም አናስነሣም። የሸጠው ነው የራሱን የሚለቀው። እኔ ስንት ዓመት በዚህ ደንብ ስሠራ ሰው አጣልቼ አላውቅም።» ከዚያ ለስለስ ብለው «አንቺም እግርሽ አብጧል፤ ሶፋው ላይ ከፍ አድርገሽ ተኚ፣ ጥሩ ነው ይላሉ» አሏት። ሚስትየዋ ባሏን አየችው። ባሏ ጣሪያውን አየ። በዚያ ቤት ውስጥ ለሽማግሌ መልስ የሚሰጥ ሰው የለም፤ ያም ጠባይ ለመጀመሪያ ጊዜ ዶክተሯን ጠቀማት።

ሳህን ታጥቦ ቴሌቪዥኑ ዜና ሲጀምር ዶክተሯ ክፍሏ ገብታ ልብሷን ማጠፍ ጀመረች፤ በሩ ተንኳኳ። ወንድሟ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ከመግባትና ካለመግባት መካከል ቀረ። አንሶላውን ክንዱ ላይ ጥሎታል።

«ሥራ እንዴት ዋለ?» አላት። ይህን ጠይቋት አያውቅም።

«ደህና። ቀለም ወጣ።»

«ምን ዓይነት?»

«ቀይ። ስታዘነብለው አረንጓዴ ይሆናል።»

ወንድሟ ነገሩን አሰበበት፤ እንደገባው ሰው ራሱን ነቀነቀ። «ማሽኑስ?»

«እኛው ጋ ቀረ።»

«ጎሽ» አለ። አልሄደም። በአንሶላው ጫፍ ይጫወታል። «ጠዋት... ማለቴ፣ እኔ...» ብሎ ቆመ። የቀረው አልወጣለትም፤ ዶክተሯም አልረዳችውም፤ ጠበቀችው። ብዙ ጠበቀችው። በመጨረሻ «አጠፋሁ» አለ፣ እንደ ልጅ ወለሉን እያየ።

«እሺ ወንድም ጋሼ» አለችው። ይህቺ እሺ አራተኛ ዓይነት ናት፤ ይቅር ብያለሁ የምትል።

ፊቱ ተፈታ፤ ሊሄድ ዞረ፤ ተመለሰ። «ኧረ፣ ሶፋው አንገት ይጠመዝዛል መሰለኝ። ትርፍ ትራስ ይኖርሻል?»

ዶክተሯ አልጋዋን አየች። አልጋው ላይ ሁለት ትራስ አለ። ሁለቱንም ትወዳቸዋለች።

«የለኝም» አለችው፤ ደህና እደር ብላ በሩን ዘጋችው።